ቅዳሜ ስምንት

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የዕለታትን ተውሳክ ሲቆጥር እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 እያለ ይወርዳል። ቁጥሩ አንድ አንድ እየቀነሰ ስለመጣ ጆሮ ለቅዳሜ 1ን ይጠብቃል። እሱ ግን ቅዳሜ 8 ብሎ ይጨርሳል። በቃሉ ያጠናው ልጅ ሳይደናቀፍ ያልፈዋል፤ ቆም ብሎ ላየው ግን የሥራው ጥበብ ተሰብስቦ የሚገኘው እዚህች ቁጥር ላይ ነው። ስለ እሷና ስለ ተሸከማት ስሌት በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉ ልጆች በእጃቸው ያለውን ትልቅ ሥራ እንዲያዩት ስለምፈልግ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ተማሪ መስመር በመስመር ሊነበብ የሚገባው ሥራ ቢመረጥ እኔ ከባሕረ ሐሳብ የማስቀድመው የለኝም።

ይህን ለማለት ጎጃም ደህና ቦታ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ከደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደሉም፤ ዋሸራና ጎንጅ ደግሞ በቅኔ ስማቸው ከጎጃም ወሰን አልፎ ይጠራል። በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ከመጻሕፍት ትምህርት ጋር ተያይዞ ይሰጣል። መስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ሁዳዴ መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሲታወጅ፣ ያ ሁሉ ቀን የሚገኘው በዚሁ ስሌት ነው። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል ደግሞ በአብነት ትምህርት ያለፉ ዲያቆናት አሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ቫሪያብል፣ ስለ ኮንዲሽን፣ ስለ ሉፕ የሚማር ልጅ እሑድ መቅደስ ገብቶ ያገለግላል። እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች በአንድ ልጅ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረው ሳይተዋወቁ መቅረታቸው በጣም ይቆጨኛል።

ትውፊቱ ስሌቱን የሚሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። ሱባኤ የያዙት ሌሊቱን 23፣ ቀኑን 7 አድርገው ነው ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 11፤ 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19። የ11ና የ19 መገኛ በትምህርቱ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስሌቱን ከዳር እስከ ዳር ይመሩታል። ኦቶ ኖይገባወር የሚባሉት የጥንት ሒሳብና የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሰማይና የዘመን ስሌት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ርእሱ ባሕረ ሐሳብ የሆነውን መጽሐፋቸውን በ1993 ዓ.ም. ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። እኔ እዚህ የማየው ታሪኩን ሳይሆን የእጅ ሥራውን ነው፤ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ እንዴት እንደተገጣጠሙ።

ለማየት አንድ ዓመት ይዞ መውረድ ይሻላል። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህ በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። ይህች አንዲት ማካፈል ሁለት ሥራ ትሠራለች። የተረፈው 1 ዘመኑ የማቴዎስ መሆኑን ይናገራል፤ የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ተብሎ እስከዚያ ዓመት ድረስ ጳጉሜን 6 ስትሆን የተጨመሩትን ቀናት ይይዛል። ከማካፈሉ የወጣ ምንም ነገር አልተጣለም። 7517 እና 1879 ሲደመሩ 9396፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይቀራል። ቆጠራው የሚነሣው ጥንተ ቀመር ከሚባለው ከማክሰኞ ስለሆነ 1 ቢቀር ማክሰኞ፣ 2 ቢቀር ረቡዕ ነው። በእርግጥም የ2017 ዕንቁጣጣሽ ረቡዕ ውሏል።

ለምን ዓመቱ ራሱ ከመጠነ ራብዒት ጋር እንደሚደመር ማየት ደስ ይላል። 365 ቀን በ7 ሲገደፍ 1 ስለሚተርፍ፣ እያንዳንዱ ዓመት ዕንቁጣጣሽን በአንድ ዕለት ይገፋል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕለት ይገፋል። ስለዚህ ዓመታቱን በ365 ማባዛት አያስፈልግም። ዓመታቱን ቆጥሮ፣ ስድስተኛዋን ጳጉሜን ቆጥሮ መደመር ይበቃል። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይህ ከሚሊዮን በላይ የሆነ ብዜትን ወደ አንድ ቀላል ድምር ማውረድ ነው።

ቀጥሎ የጨረቃው ወገን ይመጣል። 7517 በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ከዚህ ላይ 1 ይነሣና ወንበር 11 ይሆናል። 1 የሚነሣው የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው፤ ወንበር የሚቆጥረው የተፈጸሙትን ነው። በዚህ ምክንያት የዑደቱ የመጀመሪያ ዓመት ወንበሩ አልቦ፣ ባዶ ነው። የግእዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ስሌቱ ግን ከዜሮ ጀምሮ ይቆጥራል። ፕሮግራም የሚማር ልጅ የሊስት የመጀመሪያ ቦታ ዜሮ ነው ሲባል ለሳምንታት ግር ይለዋል። ድቁና የተማረው ጎረቤቱ አልቦ ወንበርን ሲሰማ ነው ያደገው።

ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። 11 በ11፣ 121፤ አበቅቴ 1። 11 በ19፣ 209፤ መጥቅዕ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30። የ11 ምንጩ ሰማይ ላይ ነው። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች። 19 ደግሞ ከ30 ላይ 11 ሲነሣ የሚተርፈው ነው። እንግዲህ አበቅቴ ያለፈውን፣ መጥቅዕ የቀረውን ይናገራል ማለት ነው፤ አንዱ ከታወቀ ሌላው በመቀነስ ብቻ ይገኛል። ታዲያ ሁለቱን ለየብቻ ማባዛት ለምን አስፈለገ? ለማረም ነው እላለሁ። ያለ ወረቀት በቃሉ የሚያሰላ ሰው ሁለቱን በሁለት መንገድ አውጥቶ ሲደምራቸው 30 ካልመጣለት የሆነ ቦታ እንደሳተ ወዲያው ያውቃል። ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 0 ሳይባል 30 የሚባለውም ይህን ሕግ ያጸናዋል፤ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30፣ ድምሩ ያው 30።

እዚህ ላይ የቁጥሮቹን መጠን ልብ ይሏል። በዚህ በኩል ከሚመጡት ብዜቶች ትልቁ 18 በ19፣ 342 ነው። እሱም ወዲያው በ30 ይገደፋል። ከመንገዱ ግማሽ በኋላ በአእምሮ የሚያዝ ቁጥር ከ40 አያልፍም። ሜሞሪው ጠባብ ለሆነ ማሽን ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ የሚጠበብበት ነገር ይኸው ነው፤ እዚህ ማሽኑ በሌሊት ደጀ ሰላም ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው ነበር።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ ቁጥሩን ቀን አድርጎ በመስከረም ይውላል፤ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት። ንቁ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፤ 14 ራሱ ቢመጣስ? ኮንዲሽን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ድንበሩ ላይ ያለው ቁጥር ወዴት እንደሚወድቅ መጠየቅ አለበት። መልሱን ለማግኘት ወንበርን ከ0 እስከ 18 እየሰጡ ሁሉንም መጥቅዖች ማውጣት ነው፦ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። 13 አለ፣ 15 አለ፣ 14 የለም። ድንበሩ የተተከለው ማንም በማይቆምበት ቦታ ላይ ነው።

ያም ቦታ በዘፈቀደ አልተገኘም። ከበዓለ መጥቅዕ ስድስት ወር ከ10 ቀን ሲቆጠር ፍሥሕ ላይ ይደረሳል፤ ፍሥሕ የአይሁድ ፋሲካ ነው፣ ከሙሉ ጨረቃ ጋር የሚያያዝ። በመስከረም ከሚውሉት መጥቅዖች ትንሹ 15 ነው። መስከረም 15 ስድስት ወር ሄዶ መጋቢት 15፣ 10 ቀን ተጨምሮ መጋቢት 25። በጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት ደግሞ መጋቢት 25 ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት ነው። ከዚያ ቀን የቀደመ ሙሉ ጨረቃ የፋሲካ ጨረቃ ሊሆን አይችልም። 13 በመስከረም ቢቀር ፍሥሕ መጋቢት 23 ላይ ይወድቅና ከዚያ ዕለት ይቀድማል፤ ስለዚህ አንድ ወር ተገፍቶ ወደ ጥቅምት ሄደ፣ ፍሥሑም ሚያዝያ 23 ሆነ። ስለ ፀሐይ የሚናገር ሕግ ሙሉውን ከ14 ጋር በምትደረግ አንዲት ማወዳደር ውስጥ ገብቷል።

ወደ 2017 እንመለስ። መጥቅዕ 29 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ነው። መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ 29ም ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4። 29 እና 4፣ 33፤ 30 ሲነሣ 3 ይቀራል። ይህ መባጃ ሐመር ነው። በመስከረም የዋለ መጥቅዕ ነነዌን ጥር ላይ ያመጣል፤ ድምሩ ከ30 ስላለፈ ግን ወሩም አብሮ ተሻግሮ ነነዌ የካቲት 3 ሆነ። በ2018 ይህ አይደርስም፤ ወንበር 12፣ መጥቅዕ 18፣ መስከረም 18 እሑድ፣ ተውሳኩ 7፣ ድምሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25። ከነነዌ በኋላ ያለው ሁሉ የተወሰነ ርቀት ነው። ዐቢይ ጾም በ14፣ ሆሳዕና በ62፣ ስቅለት በ67፣ ትንሣኤ በ69፣ ዕርገት በ108፣ ጰራቅሊጦስ በ118 ቀን። በየካቲት 3 ላይ ሁለት ወር ከ9 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 12። የ2017 ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ተከበረ። በጥር 25 ላይ ሲጨመር ሚያዝያ 4፤ የ2018ም ትንሣኤ በዚያው ቀን ነው።

አሁን ስምንትን ማየት ይቻላል።

ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር፣ 120 ቀን ነው። 120 በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 29 ረቡዕ ከሆነ ጥር 29 ሐሙስ ነው። ነነዌ ሰኞ እንዲገባ ከሐሙስ እስከ ሰኞ የሚሞላ ቁጥር ያስፈልጋል፤ 4። የተውሳክ ዝርዝር ይህን መሙያ ለሰባቱም ዕለታት አስቀድሞ አስልቶ ያስቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። መጥቅዕ እሑድ ቢውል ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን ሰኞ ይሆናል፤ ቀጣዩ ሰኞ በ7 ይገኛል። ሰኞ ቢውል 6፣ ማክሰኞ ቢውል 5። ቅዳሜ ቢውል ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን እሑድ ነው፤ ሰኞን ለማግኘት 1 ይበቃው ነበር። ለሰኞ ብቻ ቢሆን ኖሮ 1ና 8 ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ሰኞ ላይ ያደርሳሉ።

ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ከበዓለ መጥቅዕ እስከ ፍሥሕ 190 ቀን ነው፤ 190ም በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ፍሥሕ የሚውልበት ዕለት ምንጊዜም መጥቅዕ ከዋለበት ዕለት በማግሥቱ ያለው ነው። መጥቅዕ ዓርብ ቢሆን ፍሥሕ ቅዳሜ፣ መጥቅዕ ቅዳሜ ቢሆን ፍሥሕ እሑድ። ቁጥሮቹን አገናኝቶ ለተመለከተ ከፍሥሕ እስከ ትንሣኤ ያለው ርቀት ከዕለቱ ተውሳክ 1 ሲነሣ የሚቀረው ነው። የዓርብ ተውሳክ 2 ስለሆነ ትንሣኤ ከፍሥሕ 1 ቀን በኋላ ነው፤ የእሑድ 7 ስለሆነ 6 ቀን በኋላ። የቅዳሜ ተውሳክ 1 ቢሆን ኖሮ ርቀቱ ዜሮ ይሆን ነበር። ክርስቲያኖች ትንሣኤን ከፍሥሕ ጋር በአንድ ቀን ያከብሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ደግሞ በ325 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ጀምሮ የጸና ሥርዓት አይፈቅደውም። 8 ሲሆን ትንሣኤ አንድ ሳምንት ሙሉ ይገፋል። «የኔታ፣ ቅዳሜ ስለ ምን ስምንት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሚያገኘው መልስም አጭር ነው፤ ትንሣኤ ከፍሥሕ ጋር እንዳይገጥም።

2016 ዓ.ም. ይህች 8 በሥራ ላይ የዋለችበት ዓመት ነበር። ወንበር 10፣ መጥቅዕ 10፣ ጥቅምት 10 ቅዳሜ። 10 እና 8፣ 18፤ ነነዌ የካቲት 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27። ፍሥሑ እሑድ ሚያዝያ 20 ነበር። ያን ዓመት ፋሲካ ዘገየብን ያለ ሰው ብዙ ነው፤ ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ ይህች ቁጥር ነበረች።

ጀማሪ ፕሮግራመር ይህንኑ ሕግ ቢጽፍ ሙሉ ጨረቃዋን አውጥቶ፣ ዕለቷን ጠይቆ፣ እሑድ ከሆነች 7 ጨምር፣ ካልሆነች ቀጣዩን እሑድ ፈልግ የሚል ኮንዲሽን ያስቀምጣል። በባሕረ ሐሳብ ያ ኮንዲሽን የለም። ከሰባት ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ አንዷን 1 ሳትሆን 8 በማድረግ ጥያቄውን ጨርሰውታል። የሚያሰላው ዲያቆን የጉባኤውን ውሳኔ ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ ዝርዝሩን በትክክል ከያዘ ውሳኔው ተከብሯል። ዛሬም ብልህ ፕሮግራመር ተደራራቢ ኮንዲሽን ሲበዛበት በሠንጠረዥ ይተካዋል፤ በሠንጠረዥ የተሠራ ኮድ ሲነበብ ቀላል፣ ሲታረምም ቀላል ነው። ይህን ልማድ ለማስተማር ከስምንት የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል?

ስለ ወራቱም አንድ ነገር ልበል። ይህ ሁሉ ድምር እንዲህ የቀለለው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ነው። 69 ቀን ጨምር ማለት ሁለት ወር ከ9 ማለት ነው፤ የትኛው ወር 31፣ የትኛው 28 እንደሆነ መጠየቅ የለም። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረዋ ቀን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ በጳጉሜን ተቀምጣለች። በመስከረምና በሰኔ መካከል የሚሠራውን ስሌት አትነካውም፤ የምትታየው በሚቀጥለው ዕንቁጣጣሽ ዕለት ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በመጠነ ራብዒት አስቀድሞ ተቆጥሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር ትርፏ ቀን በዓመቱ ሆድ ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ ስለገባች የቀን ስሌት የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ዓመቱ ከማርች እንደሚጀምር አድርገው ማስላት ይመርጣሉ። ትርፏን ቀን ወደ መጨረሻ ለማባረር ሲሉ ነው። ለእኛ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ቀመር አሳተመ። ቀመሩ ዓመቱን በ19 ገድፎ ቀሪውን በ19 ያበዛል፤ የተወሰነ ቁጥር ጨምሮም በ30 ይገድፋል። ለ2025 እ.ኤ.አ. ሲሠራ፣ 2025 በ19 ሲገደፍ 11 ይቀራል። የእኛም የ2017 ወንበር 11 ነበር። ጋውስ በ19 የሚያበዛው ያንኑ ወንበር ነው፣ የሚያገኘውም ከተጨመረችው ቁጥር በቀር መጥቅዕን ነው። ሁለቱም ወገን ከእስክንድርያ ምንጭ ስለቀዱ ቢገናኙ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ለዘመናት በቃል ሲተላለፍ የኖረውን መስመር በጋውስ ቀመር ውስጥ ሳይዛባ ማግኘት ልብ ይሞላል። ዶናልድ ክኑዝም በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው በታዋቂው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ የፋሲካን ቀን ማውጣትን ከመልመጃዎቹ አንዱ አድርገውታል።

እንግዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በፓይተን ይጻፈው። ኮምፒውተሩ ለክፍሉ ባይዳረስ ወይም መብራት ቢጠፋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በእጅ ሊሞከር ይችላል፤ ስሌቱ ድሮም ለዚያ የተሠራ ነው። ከ20 መስመር አይበልጥም። ግን አንድ ቦታ ላይ ሥራው ተማሪውን ይፈትነዋል። ወንበርን «ዓመተ ዓለም በ19 ተገድፎ 1 ሲነሣ» ብሎ በሰማው ቅደም ተከተል ቢጽፈው፣ በ19 ሲገደፍ ምንም በማይተርፍበት ዓመት ወንበር ከዜሮ በታች 1 ይሆንበታል። በትምህርቱ ግን ምንም ካልተረፈ 19 ተይዞ 1 ሲነሣ ወንበር 18 ነው። እንዲህ ያለው ዓመት 2005 ነበር፤ ቀጣዮቹ 2024 እና 2043 ናቸው።

ይህ ስሕተት የሚደበቅበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ፓይተን ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር በ30 ሲገድፍ ቀሪውን ከዜሮ በላይ አድርጎ ስለሚሰጥ አበቅቴ 19፣ መጥቅዕ 11 ሆነው ይወጣሉ። ትክክለኞቹ 18ና 12 ናቸው። ድምሩ ግን 30 ነው፤ የድሮው መቆጣጠሪያ አልያዘውም። ወደ ፊት ይቀጥል። በ2024 ትክክለኛው ጥቅምት 12 ሐሙስ ነው፣ ተውሳኩ 3፣ መባጃ ሐመር 15። በተሳሳተው ኮድ ጥቅምት 11 ረቡዕ ነው፣ ተውሳኩ 4፣ መባጃ ሐመር 15። መጥቅዕ በአንድ ሲያንስ ተውሳክ በአንድ ስለሚበልጥ ስሕተቱ ራሱን ያጠፋል። በ2005ም እንደዚሁ ትክክለኛው ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ይወጣል። ተማሪው ፕሮግራሙን በ2005 ሞክሮ፣ በ2024ም ሞክሮ ልክ ነው ብሎ ሊያስረክብ ይችላል። በ2043 ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ ድምሩ 20፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 29። የተሳሳተው ኮድ ጥቅምት 11 ዓርብ፣ ተውሳክ 2፣ ድምሩ 13 ብሎ ትንሣኤን ሚያዝያ 22 ላይ ያደርገዋል። የተደበቀውን ስሕተት ያወጣችው ያቺው የቅዳሜ 8 ናት።

መንሥኤውን ለሚፈልግ ተማሪ ደግሞ መልሱ ከኮዱ ውጭ፣ ሰማይ ላይ ይገኛል። 11 ቀን ለ19 ዓመት ሲጠራቀም 209 ነው። ይህ በ30 ቢካፈል 6 ደርሶ 29 ይተርፋል፤ ዑደቱ ተዘግቶ ወደ አልቦ እንዲመለስ አንድ ቀን ይጎድላል። ስድስት ወራት 30፣ ሰባተኛው 29 ቀን ስለሆነ ያ ሰባተኛ ወር በ29 ሞልቷል ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ከወንበር 18 ወደ አልቦ ሲታለፍ ጨረቃ 11 ቀን ሳይሆን 12 ቀን ትዘላለች። ወንበርን ከዜሮ በታች 1 ያለ ሰው ያቺን የአንድ ቀን ዝላይ ዘንግቷል፤ 12 ሊሆን የሚገባው መጥቅዕ 11 የሆነበትም ለዚህ ነው። ከላይ የተዘረዘሩትን 19 መጥቅዖች ለሚያውቅ ሰው ደግሞ 11 በመካከላቸው የለም። አብነት ቤት የቆየ ልጅ 11 የሚል መጥቅዕ ስክሪኑ ላይ ሲያይ ቀኑን ሳያሰላ ይህ አይሆንም ይላል።

ማስተካከያው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ 1 መቀነስ፣ ከዚያ በ19 መግደፍ። የቅደም ተከተል ለውጥ ብቻ ነው። መፈተኛ ዓመታትን መምረጥ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ለተማሪዎች እነዚህን እሰጣለሁ፦ ምንም የማይወሳሰብበት 2018፤ ድምሩ ከ30 አልፎ ወር የሚሻገርበት 2017፤ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ያውም ቅዳሜ የዋለበት 2016፤ ወንበር አልቦ፣ መጥቅዕ 30 የሚሆንበት 2025፣ ትንሣኤውም ሚያዝያ 16 የሚውልበት፤ በመጨረሻም 2043። ከዚያ በኋላ ሉፕ ጽፎ ዐቢይ ቀመር የሚባለውን 532 ዓመት ሙሉ ማስኬድ ነው፤ 19 በ28 ተባዝቶ የጨረቃና የዕለታት ዑደት አብረው የሚገጥሙበት ዘመን። በዚያ ሁሉ ውስጥ ነነዌ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ከዚህ ወሰን የወጣች አንዲት ቀን እንኳ ካየ ተማሪው ወደ ኮዱ ተመልሶ መስመሮቹን ከመጀመሪያው ይመርምር።